«ማታ ይነሳል፣ ጠዋት እምቢ ይላል»፦ ኮምፒውተርን ከሩቅ ስለማስነሳት የአንባቢያን ጥያቄዎች

ሰሞኑን ከወሎ የደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ በአንድ ጉዳይ ላይ የተጻፉ ናቸው። ጸሐፊዎቹ ቤታቸው ወይም ቢሮአቸው ውስጥ የስማርት ሆም ሃብ (የቤት ዕቃዎችን በኔትወርክ የሚያዝ ማዕከል) ተክለዋል፤ በእሱ በኩል የተዘጋ ኮምፒውተር ወይም ቴሌቪዥን ከሩቅ ማስነሳት ይፈልጋሉ፤ አንድ ቀን ይሠራል፣ አንድ ቀን አይሠራም። ተመሳሳዮቹን አዋህደን ስድስቱን መርጠናል።

ጥያቄ፦ ቢሮዬ ደሴ ፒያሳ ነው፣ ቤቴ ቧንቧ ውሃ። የሂሳብ ሥራዬ ያለበትን ኮምፒውተር ማታ ዘግቼ እሄዳለሁ። ሲያስፈልገኝ ከቤት ሆኜ ላስነሳው ብዬ ቢሮው ውስጥ ሆም አሲስታንት የሚባለው የሃብ ፕሮግራም የተጫነበት ራስፕቤሪ ፓይ (ትንሽ ኮምፒውተር) አስቀምጫለሁ። ሌላ ጊዜ በደንብ ይነሳል። መብራት ሄዶ በመጣ ቀን ግን አሥር ጊዜ ብጫን ዝም ነው። ጠዋት ሄጄ በእጄ አብርቼ ከዘጋሁት በኋላ እንደገና ይሠራል። ሃቡ ይሆን የተበላሸው?

መልስ፦ አብሽሩ፣ ሃቡ ደህና ነው። ችግሩ ያለው እኛ «ተዘጋ» የምንለው ኮምፒውተር በእርግጥ ጨርሶ ባለመዘጋቱ ላይ ነው። የሲፒዩውን ሳጥን ከፍተው ቢያዩ ከፓወር ሰፕላዩ ወደ ማዘርቦርዱ ከሚገቡት ሽቦዎች አንዱ ሐምራዊ ነው። ሶኬቱ እስካልተነቀለ ድረስ በዚያ ሽቦ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ 5 ቮልት አለ። የኔትወርክ ካርዱ ያችን ይዞ አንድ መልእክት ይጠብቃል፤ መልእክቱም «ማጂክ ፓኬት» ይባላል። ስሙ ነው እንጂ አስማት የለበትም፤ 102 ባይት ብቻ ነው። መጀመሪያ 255 የሚለው ቁጥር 6 ጊዜ ይመጣል፣ ከዚያ የካርዱ ማክ አድራሻ፣ ማለትም የካርዱ መለያ ቁጥር፣ 16 ጊዜ ይደጋገማል። ካርዱ የራሱን አድራሻ በዚህ መልክ ሲያይ ማዘርቦርዱን ይቀሰቅሳል።

ካርዱ ግን ዝም ብሎ አይጠብቅም። «ነቅተህ ቆይ» የሚለውን ትእዛዝ የሚሰጠው ኮምፒውተሩ ሲዘጋ ድራይቨሩ (ካርዱን የሚያዘው ፕሮግራም) ነው። መብራት ሲሄድ ያ 5 ቮልት ይቋረጣል፤ በብዙ ማዘርቦርዶች ላይ ትእዛዙም አብሮ ይጠፋል። መብራቱ ቢመለስም ካርዱ ማንን እንደሚጠብቅ አያውቅም። እርስዎ ጠዋት አብርተው ሲዘጉት ትእዛዙን እንደገና ሰጡት ማለት ነው፤ የሠራውም ለዚህ ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒውተሩን ሳያበሩ ወደ ጀርባው ጎንበስ ይበሉና የኔትወርክ ገመዱ የተሰካበትን ቀዳዳ ይመልከቱ። ጥጉ ላይ አረንጓዴ ወይም ብርቱካናማ መብራት ካለ ካርዱ ነቅቷል። ጨለማ ከሆነ ሃቡ ላይ መቶ ጊዜ ቢጫኑም የሚሰማዎት የለም።

መድኃኒቱ ባዮስ ውስጥ ነው፤ ባዮስ ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚገባበት የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዴሊት ወይም ኤፍ2 ቁልፍን ደጋግመው ተጭነው ይግቡና «ሪስቶር ኦን ኤሲ ፓወር ሎስ» ወይም ተቀራራቢ ስም ያለውን ይፈልጉ። ከሦስቱ ምርጫዎች «ፓወር ኦን» የሚለውን ይያዙ። ብዙ ሰው «ላስት ስቴት» ይሻላል ብሎ እሱን ይመርጣል፤ ለእርስዎ አይሆንም፤ መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩ ተዘግቶ ስለነበር መብራት ሲመጣም እንደተዘጋ ይቀራል። በ«ፓወር ኦን» ግን መብራት እንደመጣ ራሱ ይነሳል። አያስፈልግም ካሉ ሃቡ ከ10 ደቂቃ በኋላ እንዲዘጋው ያዙት፤ በዚህ መሃል ካርዱ ትእዛዙን ተቀብሏል። ማጂክ ፓኬት ማስነሳት እንጂ መዝጋት ስለማይችል ለመዝጊያው ኮምፒውተሩ ላይ ከሃቡ ትእዛዝ የሚቀበል ትንሽ ፕሮግራም መጫን ግድ ነው።

እዚያው ባዮስ ውስጥ እያሉ ሁለት ነገር ይዩ። «ዌክ ኦን ላን» (በኔትወርክ ማስነሳት) ወይም «ፓወር ኦን ባይ ፒሲአይ-ኢ» የሚለው መከፈት አለበት። «ኢአርፒ» ወይም «ዲፕ ስሊፕ» የሚለው ደግሞ መዘጋት አለበት፤ ይህ ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ የተሠራ ነው፤ የሚቆጥበውም ያችኑ ካርዱ የሚጠብቅባትን 5 ቮልት ቆርጦ ነው። ዊንዶውስ ላይ ሲመለሱ በኮንትሮል ፓነል የፓወር አማራጮች ውስጥ «ፋስት ስታርትአፕ»ን ያጥፉ፤ እሱ በርቶ እያለ የተዘጋ ዊንዶውስ ግማሽ እንቅልፍ ላይ ስለሚቀር ለማጂክ ፓኬት አይነሳም። በመጨረሻ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ የኔትወርክ ካርዱን ከፍተው «ዌክ ኦን ማጂክ ፓኬት»ን ያንቁ። ሪልቴክ ካርድ ከሆነ «ሹትዳውን ዌክ ኦን ላን» የሚባል ሌላ መስመርም አለ፤ እሱን የሚያልፉት ብዙዎች ናቸው። የፓወር ማኔጅመንት ገጹ ላይ «ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ማጂክ ፓኬት ብቻ ይሁን» የሚለውን ካልመረጡ ማንኛውም የኔትወርክ ወሬ ሌሊት ይቀሰቅሰዋል።

ይህን ሁሉ አስተካክለው በሚቀጥለው የመብራት መጥፋት ባዮሱ የቀድሞውን ይዞ ከተመለሰ፣ የኮምፒውተሩም ቀን ወደ ኋላ ሸሽቶ ካገኙት፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር 2032 የምትባል ሳንቲም መሳይ ባትሪ አልቃለች። ሌላ ነገር ከመነካካትዎ በፊት እሷን ይቀይሩ።

ስለ ሃቡም አንድ ነገር እንጨምር። ኮምፒውተሩ ዝግጁ ሆኖ ራውተሩና ሃቡ ከጠፉ ያው ነው። ራውተር 12 ዋት፣ ራስፕቤሪ ፓይ 5 ዋት ቢወስዱ ድምሩ 17 ነው። በአነስተኛ ዩፒኤስ ውስጥ የሚገኘው 12 ቮልት 7 አምፒር-አወር ባትሪ በወረቀት 84 ዋት-አወር ነው፤ ባትሪው እንዳይጎዳ ግማሹን ብቻ ቢጠቀሙና ዩፒኤሱ ራሱ የሚበላውን ቢቀንሱ ሰዓት ተኩል ያህል ያቆይዎታል። ኮምፒውተሩንና ሞኒተሩን ከዚያው ላይ ከሰኩ ግን ስሌቱ ወደ ደቂቃዎች ይወርዳል። ፓዩ የሚሠራው በሜሞሪ ካርድ ከሆነ ድንገተኛ መጥፋት ካርዱን ስለሚያበላሽ ወደ ኤስኤስዲ ቢያዛውሩት ይመረጣል።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ነኝ። ሱቄ ውስጥ ያለውን ኮምፒውተር በስልኬ ከሩቅ ለማስነሳት ራውተሩ ላይ ፖርት 9ን ወደ ኮምፒውተሩ አይፒ አዙሬያለሁ። እንደዘጋሁት ወዲያው ብሞክር ይነሳል። ቤት ደርሼ ራት በልቼ ስሞክር አይነሳም። አሁን ሃብ ገዝቻለሁ፤ ይረዳኛል?

መልስ፦ ይረዳዎታል፤ ምክንያቱን ካወቁ ደግሞ ፖርቱን ዛሬውኑ ይዘጉታል። ራውተሩ ከውጭ የመጣውን መልእክት ለአንድ አይፒ ለማድረስ የዚያን አይፒ ማክ አድራሻ ማወቅ አለበት። ይህን የሚጽፍበት ኤአርፒ የሚባል ሰንጠረዥ አለው፤ የተዘጋ ኮምፒውተር ደግሞ «እኔ ነኝ» ብሎ ስለማይመልስ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ስሙ ከሰንጠረዡ ይሰረዛል። እርስዎ ወዲያው ሲሞክሩ ስሙ ገና አልተሰረዘም ነበር። ራት እስኪበሉ ተሰርዟል፤ መልእክቱ ራውተሩ ጋ ደርሶ መሄጃ አጥቶ ይጣላል።

ሃቡ ከኮምፒውተሩ ጋር አንድ ኔትወርክ ውስጥ ስለሚቀመጥ ይህ ጣጣ የለበትም። መልእክቱን ለአንድ አይፒ ሳይሆን ለሁሉም ይበትነዋል፤ ሁሉም ካርድ ይሰማዋል፣ የሚነሳው ባለቤቱ ብቻ ነው። ሆም አሲስታንት ላይ በሴቲንግ ውስጥ ካሉት ኢንቴግሬሽኖች «ዌክ ኦን ላን»ን ሲጨምሩ የሚጠይቅዎ ማክ አድራሻውን፣ የመበተኛ አድራሻውንና ፖርቱን ነው። ኔትወርክዎ 192.168.1 ብሎ የሚጀምርና የተለመደው ዓይነት ከሆነ የመበተኛ አድራሻው 192.168.1.255 ነው፤ ፖርቱን 9 እንዳለ ይተዉት።

ከቤት ወደ ሃቡ መድረሻው ሌላ ጥያቄ ነው። ሃቡን በራውተሩ በኩል ለዓለም በሙሉ አይክፈቱት። ማጂክ ፓኬት አብዛኛውን ጊዜ የይለፍ ቃል የለውም፤ ሃቡ ግን ከኮምፒውተሩ በላይ ብዙ ነገር በእጁ ነው። ዋየርጋርድ የሚባለውን ቪፒኤን (በኢንተርኔት ውስጥ የሚያልፍ የተቆለፈ የግል መንገድ) ሃቡ ላይ ተክለው በስልክዎ በእሱ ይግቡ። ራውተርዎ በሲም ካርድ የሚሠራ ከሆነ መጀመሪያ ገጹ ላይ ከውጭ የተሰጠውን አይፒ ይዩ። በ10 ወይም በ192.168 ከጀመረ፣ ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ፣ ከውጭ ቀጥታ የሚያገኝዎ የለም፤ ስንት ፖርት ቢከፍቱም በከንቱ ነው። እንዲያ ሲሆን ግንኙነቱን ከውስጥ ወደ ውጭ የሚጀምር እንደ ቴይልስኬል ያለ አገልግሎት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ወልዲያ፣ የትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነኝ። 24 ኮምፒውተሮች በሃቡ በኩል ጠዋት 2፡30 ላይ እንዲነሱ አዝዣለሁ። ጠዋት ስገባ ሁሉም በርተው አገኛቸዋለሁ፤ የጥበቃ ሠራተኛችን ግን «እኩለ ሌሊት ካለፈ ጀምሮ ሲያንባርቁ ነው የሚያድሩት» ይላሉ። አምስቱ ደግሞ ጭራሽ አይነሱም።

መልስ፦ ጥበቃው ልክ ናቸው። የእርስዎ 2፡30 ፀሐይ ከወጣች ወዲህ የተቆጠረ ነው፤ የሃቡ 2፡30 ደግሞ ከእኩለ ሌሊት ወዲህ። በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8፡30 ላይ ቀስቅሰዋቸዋል። ሃቡ ላይ 8፡30 ብለው ይጻፉ። ከሰዓት በኋላ ላለውም እንዳይምታታብዎ፦ በእኛ ቀን ሰዓት ላይ 6 ይደምሩ፣ ማሽኑ የሚፈልገው እሱን ነው፤ ቀን 9 ሰዓት 15፡00 ይሆናል። የሃቡ የጊዜ ቀጠናም አዲስ አበባ መሆኑን ይመልከቱ።

24ቱን ባንድ ሰከንድ አያስነሷቸው። ፓወር ሰፕላይ ሲነሳ ለቅጽበት ብዙ ስለሚስብ፣ ሁሉም በአንድ መስመር ላይ ከሆኑ ብሬከሩ ይወርዳል ወይም ስታቢላይዘሩ ይቆርጣል። በመካከላቸው 10 ሰከንድ ያስገቡ፤ 4 ደቂቃ ሳይሞላ ሁሉም ይነሳሉ። ለእያንዳንዱም መልእክቱን ሁለት ጊዜ ይላኩ፤ መልእክቱ «ደረሰኝ» የሚል መልስ ስለሌለው አንዱ በመንገድ ቢቀር ሃቡ አያውቅም።

አምስቱን በተመለከተ በመጀመሪያ የምንጠረጥረው የእጅ ጽሑፍን ነው። ማክ አድራሻ 12 ምልክት አለው፤ ከቁጥር በቀር የሚገቡበት የእንግሊዝኛ ፊደላት ከ«ኤ» እስከ «ኤፍ» ያሉት 6 ብቻ ናቸው። ስለዚህ «ኦ» የሚባል ፊደል እዚያ ውስጥ የለም፤ ክብ ያዩት ሁሉ ዜሮ ነው፣ ካልሆነም «ዲ»። 8 እና «ቢ»ም ይምታታሉ። በእጅ ከመገልበጥ ኮምፒውተሮቹን አብርተው ከራውተሩ የአድራሻ ዝርዝር ላይ መቅዳት ይሻላል።

አድራሻው ትክክል ከሆነ ገመዱን ይከተሉ። አምስቱ በሌላ ራውተር በኩል የሚገናኙ ከሆነ ምክንያቱ እሱ ነው። ለመልእክት መበተኛ ድንበሩ ራውተር ነው፤ አያልፍም። ሁለተኛውን ራውተር ሳይጥሉ ማስተካከል ይቻላል፦ አይፒ ማደያውን (ዲኤችሲፒውን) ያጥፉ፣ የራሱን አድራሻ ከዋናው ጋር ወደማይጋጭ ይለውጡ፣ ከዋናው የመጣውን ገመድ «ዋን» ከሚለው ቀዳዳ ነቅለው ከ«ላን» ቀዳዳዎች ወደ አንዱ ያዛውሩ። ከዚያ በኋላ እንደ ተራ ማከፋፈያ ይሠራል።

ክረምት ሳይገባ ደግሞ ይህን ይመልከቱ፦ ከአንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው በአየር ላይ የተዘረጋ የመዳብ ኔትወርክ ገመድ ካለ፣ መብረቅ አቅራቢያው በወደቀ ቁጥር የኔትወርክ ካርዶችን በጅምላ ሊያቃጥል ይችላል። በሕንፃዎች መካከል ፋይበር ይሁን።

ጥያቄ፦ ሐይቅ ነው ያለሁት። ላፕቶፔን በዋይፋይ በሃቡ ማስነሳት እችላለሁ?

መልስ፦ ከተዘጋ፣ አይታሰብም። ከተኛ፣ አንዳንዱ ካርድ ይችላል፤ ግን ቻርጀሩ ተሰክቶ፣ ራውተሩም ሳይጠፋ ነው። በዩኤስቢ የሚሰካ የኔትወርክ ገመድ ማገናኛም ላፕቶፑ ሲዘጋ ብዙውን ጊዜ ኤሌክትሪክ አያገኝም። ላፕቶፑ ላይ የራሱ የገመድ ቀዳዳ ካለ በእሱ ይሞክሩ፤ ከሌለ ገንዘብዎን አያባክኑ።

ጥያቄ፦ ላሊበላ የእንግዳ ማረፊያ አለኝ። እንግዳ ከመግባቱ በፊት የክፍሉ ቴሌቪዥን በሃቡ እንዲበራ አድርጌአለሁ። አንዳንዱ ክፍል ይሠራል፣ አንዳንዱ አይሠራም፤ ቴሌቪዥኖቹ ግን አንድ ዓይነት ናቸው።

መልስ፦ መጀመሪያ ክፍል የሚያጸዱትን ይጠይቁ። እንግዳ ሲወጣ ዲቫይደሩን በማብሪያ ማጥፊያው የሚያጠፋ ሠራተኛ ካለ፣ ለመብራት አሳቢ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ግን የሚጠብቅበትን ኤሌክትሪክ ከልክሎታል። የቴሌቪዥኑ ቀይ መብራት መታየት አለበት። የስልክ ቻርጀርና ሌላው ዕቃ በአንድ ዲቫይደር፣ ቴሌቪዥኑ በሌላ ይሁን።

ቀጥሎ፣ በቴሌቪዥኑ የኔትወርክ ወይም የጠቅላላ ሴቲንግ ውስጥ «በሞባይል አብራ» የሚል ትርጉም ያለው ምርጫ አለ። ሳምሰንግም ኤልጂም ላይ ይገኛል፣ ቦታው በየሞዴሉ ይለያያል። ሳይከፈት የቀረበት ክፍል ሊኖር ይችላል።

ሦስተኛው ስህተት የአድራሻ ነው። አንድ ቴሌቪዥን ሁለት ማክ አድራሻ አለው፤ አንዱ ለገመድ፣ ሌላው ለዋይፋይ። በዋይፋይ የተገናኘውን በገመዱ አድራሻ ቢጠሩት አይሰማም። እንግዶች የሚጠቀሙበት ዋይፋይ ላይ አድርገዋቸው ከሆነ ደግሞ የእንግዳ ኔትወርክ መሣሪያዎች እርስ በርስ እንዳይነጋገሩ ስለሚያግድ ሃቡ አያገኛቸውም፤ ወደ ዋናው ያዛውሯቸው።

ጥያቄ፦ ከሚሴ። የእኔ ሃብ ትንሽ ናት፤ የምታዘው በዚግቢ (ለትንንሽ የቤት ዕቃዎች በተሠራ ገመድ አልባ ግንኙነት) አምፖልና ሶኬት ብቻ ነው። «ዌክ ኦን ላን» የሚል ነገር የላትም። ሌላ ሃብ ልግዛ?

መልስ፦ አይግዙ። መጀመሪያ ለደሴው ጠያቂያችን የነገርናቸውን «ፓወር ኦን» ባዮስ ላይ ይምረጡ፤ ከዚያ ኮምፒውተሩን ዋት በሚለካ ስማርት ሶኬት ላይ ይሰኩት። ማስነሳት ሲፈልጉ ሃቧ ሶኬቱን ታጠፋለች፣ 30 ሰከንድ ትጠብቃለች፣ ታበራለች። ማዘርቦርዱ መብራት ሄዶ የመጣ ይመስለውና ይነሳል። 30 ሰከንዱን አያሳጥሩት፤ ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ካልተራገፉ ማዘርቦርዱ መቋረጡን አያውቅም።

የሚያስፈራው በርቶ እየሠራ ያለን ኮምፒውተር መቁረጥ ነው። ስለዚህ ትእዛዙ ላይ ቅድመ ሁኔታ ያስገቡ፦ ሶኬቱ የሚለካው ከ5 ዋት በታች ከሆነ ብቻ ይቁረጥ። የተዘጋ ኮምፒውተር ከዚያ በታች ነው፣ የሚሠራ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። የተኛ ኮምፒውተር ግን ከተዘጋው ብዙም አይለይም፤ ሲቆረጥ ያልተቀመጠ ሥራ ይጠፋል። እንቅልፉን በዊንዶውስ ያጥፉት።

ሶኬቱ ራሱ መብራት ሄዶ ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ የሚወስን ሴቲንግ አለው። መብራት ሲመጣ ብልጭ ድርግም የሚልበት ሰፈር ከሆኑ «ጠፍቶ ይቆይ» የሚለውን ይምረጡና ሃቧ ከ5 ደቂቃ በኋላ እንድታበራው ያዙ፤ ኮምፒውተሩ የመጀመሪያውን ግርግር አያይም። ባለ 10 አምፒር ሶኬት ለኮምፒውተር ከበቂ በላይ ነው፤ 300 ዋት በ220 ቮልት 1.4 አምፒር ቢሆን ነው። የእንጀራ ምጣድ ግን ከ3 ኪሎዋት በላይ ስለሚስብ በዚያው ሶኬት ላይ ቀልጦ ይቀራል፤ ልጆች ባዶ ሶኬት አገኘን ብለው እንዳይሰኩበት ላዩ ላይ ይጻፉበት።